እርዳታችን ከልጁ ሙከራ ሲቀድም

ጥያቄ፦ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ዳውን ሲንድረም ያለበት የ7 ዓመት ልጅ አለ። ሳቂታና ተግባቢ ነው፤ ፊደላትን መለየት ጀምሯል፣ እስከ 20 ይቆጥራል። አንዲት ረዳት መምህርት ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ትቀመጣለች። የሚያስጨንቀኝ ያለ እሷ ምንም ነገር አለመጀመሩ ነው። «ደብተር አውጡ» ስል ሌሎቹ ሲያወጡ እሱ ፊቷን ያያል፤ እርሳሱን ካላስጨበጠችው አይጽፍም፤ አንድ ፊደል በጻፈ ቁጥር ቀና ብሎ ያያታል። እሷ በቀረችበት ቀን ቦርሳውን እንዳነገተ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ። እናቱ ደግሞ «ልጄን እንዳትተዉብኝ» ይሉኛል። ራሱን እንዲችል እፈልጋለሁ፤ እርዳታውን መቀነስ ግን በልጁ ላይ መጨከን እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከሁሉም በላይ ሐሳቤን የያዘው ልጁ ቦርሳውን እንዳነገተ እስከ ምሳ ሰዓት መቀመጡ ነው። ማንገቻውን ከትከሻው ለማውረድ አቅም አንሶት አይመስለኝም። ቦርሳ ማውረድ የረዳት መምህርቷ ሥራ እንደሆነ፣ የእሱ ድርሻ ደግሞ እስክትመጣ መጠበቅ እንደሆነ በየዕለቱ ስለተማረ ጠበቀ። «ደብተር አውጡ» የሚለው ድምፅ በተሰማ ቁጥር የእሷ እጅ ከእሱ እጅ ቀድሞ ዚፑ ላይ ሲደርስ፣ ትእዛዙ ለእሱ እንዳልተነገረ ይረዳል። ይህንን በዚህን ያህል ጥንቃቄ የተማረ ልጅ ሌላም መማር እንደሚችል አያጠራጥርም። ስለዚህ ጥያቄዎን በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ ልግባ፦ እርዳታውን ዛሬውኑ መቀነስ አይጠበቅብዎትም፤ በቅድሚያ መለወጥ ያለበት እርዳታው የሚመጣበት ጊዜ ነው። የልጁ ሙከራ ይቅደም፣ እርዳታው ይከተል፤ እያንዳንዱም እርዳታ ገና ሲጀመር በምን መንገድ እንደሚያበቃ ታስቦበት ይጀመር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጣራት ያለበት ጉዳይ አለ። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ዘንድ የመስማት ችግር በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመካከለኛው የጆሮ ክፍል ውስጥ ፈሳሽ ስለሚጠራቀም፣ አንድ ሰሞን ደህና ይሰማ የነበረ ልጅ በሌላው ሰሞን ድምፁ ሊርቅበት ይችላል። የማየት ችግርም ብዙዎቹን ያጋጥማቸዋል። ልጁ በቅርቡ የጆሮና የዓይን ምርመራ አድርጎ እንደሆነ እናቱን ይጠይቁ፤ በደንብ ያልሰማን ልጅ ሰው ጠባቂ ነው ብለን እንዳንፈርድበት። ከዚህም ሌላ የእነዚህ ልጆች ጡንቻ ላላ ያለ፣ ጣቶቻቸውም አጠር ያሉ በመሆናቸው እርሳስ መጨበጥና ዚፕ መሳብ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ይከብዳቸዋል። ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን መርገጡን ይመልከቱ፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሚዛኑን ለመጠበቅ ስለሚታገል ለእጁ የሚተርፈው ኃይል ትንሽ ነው። ከእግሩ ሥር ጠንካራ ሳጥን ማስቀመጥ፣ በዚፑ ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት ማሰር፣ ወፈርና አጠር ያለ እርሳስ መስጠት ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን እነዚህ ሳይሟሉ ልጁን «በራስህ ሥራ» ማለት ፍትሐዊ አይሆንም።

ረዳት መምህርቷን እንዳንወቅሳት ደግሞ አደራ እላለሁ። የልጁ ገጽ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ሥራዋን እንዳልሠራች ይቆጠርባታል፤ ሞልቶ ከተገኘ ግን ማን እንደሞላው የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው እጁን ቢያስቀድም የሚደንቅ አይደለም። ይህ የእርስዎ ክፍል ችግር ብቻ እንዳልሆነም ይወቁ። አሜሪካዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመራማሪ ሚካኤል ጂያንግሬኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ረዳት ያለማቋረጥ ከልጁ ጎን መሆኗ ልጁን በአዋቂ ላይ ጥገኛ እንደሚያደርገው፣ ከክፍል ጓደኞቹ እንደሚነጥለውና የክፍሉ መምህር ለልጁ ያለውን ኃላፊነት ለረዳቷ እንዲተው መንገድ እንደሚከፍት አሳይተዋል። ቅር እንዳይሰኙብኝ እንጂ ይህ የመጨረሻው ነጥብ እርስዎንም የሚመለከት ይመስለኛል። በደብዳቤዎ ውስጥ ልጁና ረዳቷ አሉ፤ እርስዎና ልጁ ፊት ለፊት የምትገናኙበትን ቦታ ግን አላገኘሁም። የልጁ መምህርት እርስዎ ነዎት። በየቀኑ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ እርስዎ ራስዎ ከጎኑ ተቀምጠው ሲያስተምሩት፣ በዚያን ጊዜም ረዳቷ ሌሎቹን ልጆች ስትከታተል ማየት እፈልጋለሁ። ልጁ ምን እንደሚችልና የት ላይ እንደሚቆም በዓይንዎ ካላዩ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በወረቀት ላይ የሚቀር ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እሱም መጠበቅ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጧቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት ለ1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደነበረ፣ ይህ ጊዜ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን የልጆቹ መልስ እንደሚሰፋ፣ መልስ ሳይሰጡ የሚቀሩትም እንደሚቀንሱ አረጋግጠዋል። ያ ጥናት የተደረገው በመደበኛ ክፍሎች ውስጥ ነው። የእርስዎ ተማሪ ድምፅዎን ሰምቶ፣ ቃሉን ተረድቶ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቦ፣ ከዚያም እጁን እስኪያዝ ድረስ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ እኔ 10 ሰከንድ እንዲሰጡት እመክራለሁ። በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሌሎቹ ልጆች ሥራ ጀምረው እሱ ብቻ እየተቁለጨለጨ ሲያዩት ግን እጅግ የሚረዝም ጊዜ ነው። በልብዎ ይቁጠሩ። በ3ኛው ሰከንድ ላይ ትእዛዙን በሌላ ቃል ብንደግምለት፣ ገና የመጀመሪያውን እያብላላ ሳለ ሁለተኛ ትእዛዝ ስለሚደርሰው ሐሳቡ ተቋርጦ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። መድገም ግድ ከሆነ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ ይድገሙት።

መጠበቅ ዝም ማለት ብቻ አለመሆኑንም ለረዳቷ ያስረዷት። ወደ ልጁ ያዘነበለ አካል፣ ለመርዳት የተዘረጋ መዳፍ፣ በጉጉት የሚያየው ፊት ሁሉ «አሁን ልረዳህ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ ልጁም ይህንን ከማንም በላይ ያነባል። ስለዚህ በእነዚያ 10 ሰከንዶች ውስጥ ጀርባዋን ወደ ወንበሩ መደገፊያ ትመልስ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ታሳርፍ፣ ዓይኗንም ከልጁ ፊት ላይ አንሥታ ቦርሳው ላይ ታድርግ። ፊቷን ፈልጎ ሲያጣ እሷ ወደምታይበት ያያል፤ እዚያ የሚያገኘው ደግሞ ሥራውን ነው።

10 ሰከንዱ አልፎ ልጁ ካልጀመረ እርዳታ ይግባ፤ ይሁን እንጂ አነስተኛው ይቅደም። መጀመሪያ በጣት መጠቆም፤ ያ ካልበቃ በራሷ ቦርሳ ላይ አድርጋ ማሳየት፤ ያም ካልበቃ በእጁ ላይ እጅን ጣል አድርጎ ማስጀመርና ወዲያው መልቀቅ። ንግግርን ከእነዚህ መካከል ያላስገባሁት በምክንያት ነው። «እሺ፣ ቀጥል፣ አሁንስ? ጎበዝ፣ ቀጥሎ ምንድን ነው?» የሚለው የቃል ማሳሰቢያ ምንም ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ሆኖም ሳናስተውለው ከአፋችን ስለሚወጣ ለማስቀረት ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው። የጠቆመ ጣት ከዕለት ወደ ዕለት አጭር ሊሆን፣ ከዚያም ሊቀር ይችላል። የለመደ ንግግር ግን ከዓመት ዓመት ይከተለዋል፤ ልጁም ድምፅ ካልሰማ የማይንቀሳቀስ ይሆናል።

ይህ ቅደም ተከተል ልጁ ከዚህ በፊት ሲያደርገው ለታየ ነገር ነው። ፈጽሞ አዲስ ለሆነ ክህሎት ግን መንገዱ ይገለበጣል፤ እየተሳሳተ እንዳይለማመድ ከጅምሩ በቂ እርዳታ ይሰጠውና ቀስ በቀስ ይነሣለታል። ለምሳሌ ዚፕ መሳብ ጨርሶ የማያውቅ ከሆነ፣ ረዳቷ ከጎኑ ሳይሆን ከኋላው ሆና እጇን በእጁ ላይ ታደርጋለች፤ እጁ አቅጣጫውን ሲያውቅ ወደ አንጓው፣ ከዚያም ወደ ክርኑ ትሸሻለች፤ በመጨረሻም ትከሻውን ነካ ማድረግ ብቻ ይበቃል። እጁን ካሸሸ ወይም ከነጠቀ ግን ወዲያው መተው ያስፈልጋል። ሰውነቱ የራሱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ እጁን ይዞ ማሠራት ልጁን ራሱን ወደ መቻል አያደርሰውም።

ከየት ልጀምር ብለዋል። ከአንድ ነገር ይጀምሩ፤ እኔ ብሆን ያንኑ ቦርሳ እመርጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ ስለሚደጋገም፣ ትምህርት ስለማያቋርጥ፣ ውጤቱም ወዲያው ስለሚታይ ለመጀመሪያ ሥራ ይመቻል። ሥራውን በትንንሽ እርምጃዎች ይከፋፍሉት፦ ቦርሳ ማውረድ፣ ዚፕ መክፈት፣ ደብተርና እርሳስ ማውጣት፣ ዚፕ መዝጋት፣ ቦርሳውን መስቀያው ላይ መስቀል፣ በቦታ መቀመጥ። ከዚያም ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ያስተምሩት። በመጀመሪያው ሰሞን ቦርሳውን እስከ መስቀል ድረስ ያለው ሁሉ በተለመደው እርዳታ ይከናወንና ወደ ቦታው ሄዶ መቀመጥ ብቻ ለእሱ ይተዋል። ያንን ያለ ማንም ጉትጎታ ሲያደርግ ቦርሳውን መስቀሉ ይጨመርለታል፤ ቀጥሎ ዚፕ መዝጋቱ፤ እንዲህ እያለ ወደ መጀመሪያው እርምጃ ይደረሳል። ወደ ኋላ መሄዱ እንግዳ ሊመስልዎት ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ልጁ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሥራውን በገዛ እጁ መጨረሱ ነው። ከፊት ቢጀምር ቦርሳውን አውርዶ የቀረውን ሌላ ሰው ሲጨርስለት ያያል፤ ከኋላ ሲጀምር ግን ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው። የመጨረስን ደስታ የቀመሰ ልጅ ቀጣዩን እርምጃ ሲሰጡት እምብዛም አያፈገፍግም።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች በአብዛኛው በጆሯቸው የሰሙትን ለአጭር ጊዜ በአእምሯቸው ከመያዝ ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን መያዝ ይቀናቸዋል። «ደብተራችሁን አውጡና ገጹን ገልጣችሁ ቀኑን ጻፉ» ሲሉ ለሌሎቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእሱ ግን ሦስት ትእዛዝ ነው፤ ሦስተኛው ሲደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶበታል። ስለዚህ የቦርሳውን ሥራ በሥዕል ያድርጉለት። ከማንም ሥዕል ይልቅ የራሱ ቦርሳ፣ የራሱ ደብተርና የራሱ መስቀያ ፎቶግራፍ ይሻላል። ስድስቱን ፎቶግራፎች ከላይ ወደ ታች በአንድ ጠንካራ ወረቀት ላይ ይደርድሩና መስቀያው አጠገብ፣ በእሱ ዓይን ትክክል ይለጥፉት። እያንዳንዱን እንደጨረሰ የሚገለብጠው ክዳን ቢኖረው ደግሞ የትኛውን እንደሠራና የትኛው እንደቀረው ለማወቅ የማንንም ፊት ማየት አያስፈልገውም። ሲቆም ጣቱን ወደ ወረቀቱ መምራት ይበቃል። ከሰው ወደ ወረቀት መዞሩ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ወረቀቱ አይቀርበትም፣ አይታመምበትም፣ ሌላ ክፍል ሲዛወርም አብሮት ይሄዳል።

ፊደል በጻፈ ቁጥር ቀና ማለቱ ግን ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ልጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ የሚፈልገው «ትክክል ነው» መባልን ነው። ማረጋገጫውን በአንድ ጊዜ አይንፈጉት፤ ቦታውን ያርቁለት። በመስመሩ ላይ ከሦስተኛው ፊደል ቀጥሎ ትንሽ ኮከብ ይሣሉና «ኮከቧ ጋ ስትደርስ አሳየኝ» ይበሉት፤ ውሎ አድሮ ኮከቧ ወደ መስመሩ መጨረሻ፣ ከዚያም ወደ ገጹ ግርጌ ትወርዳለች። ከገጹ አናት ላይ በትክክል የተጻፈ ፊደል ይኑር፤ «ትክክል ነው?» ብሎ ሲያይዎት መልሱን ከመስጠት ይልቅ ጣትዎን ወደዚያ ፊደል ያድርጉ። ሲያመሰግኑትም «ጎበዝ» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «ሳትጠራኝ ጀመርክ» ወይም «ሦስቱንም ብቻህን ጻፍክ» ቢሉት የተመሰገነበትን ነገር ያውቀዋል።

የረዳቷ መቀመጫም ይለወጥ፤ ይህ ግን ደረጃ በደረጃና እሷን አማክሮ መሆን አለበት። በድንገት ከክፍል ብትወጣ ልጁ የሚያየው መተውን ነው፤ እርስዎም ያ የቀረችበት ቀን ሲደገም ያያሉ። መጀመሪያ ከጎኑ ተነሥታ ትንሽ ወደ ኋላው ትቀመጥ። ቀጥሎ እሱ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ልጆች ሁሉ የምትረዳ ትሁን፤ በዚህ መንገድ እሱ ከሚረዱት ልጆች አንዱ ይሆናል፤ ብቸኛው መሆኑም ይቀራል። በኋላም ሥራውን አስጀምራ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ትሂድና በመሃል ተመልሳ ትመልከተው። ይህንን ሲነግሯት ሥራዋን እየነጠቁባት እንዳይመስላት ይጠንቀቁ። የተሰጣት ኃላፊነት የከበደ መሆኑን፣ የሚመዘነውም የልጁ ገጽ በመሙላቱ ሳይሆን ልጁ ያለ እሷ የሚሠራው ነገር በመብዛቱ መሆኑን በግልጽ ይንገሯት፤ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጆቹም ይህንኑ ይንገሩላት። ሁለት የተንጋደዱ ፊደሎች ያሉበት ገጽ በእሷ እጅ ከተሞላ ገጽ እንደሚበልጥብዎት ከአፍዎ ካልሰማች፣ እጇን ልትመልስ አትችልም።

የክፍል ጓደኞቹም እንደ አዋቂዎቹ ይቀድሙታል። በየክፍሉ ቦርሳ የሚያወርዱለት፣ ጫማውን የሚያስሩለት፣ ተጠይቆ ሳለ የሚመልሱለት ደግ ልጆች አይጠፉም። ደግነታቸውን አይቆጧቸው፤ «መጀመሪያ ጠይቁት፤ እርዱኝ ካለ እርዱት» የሚል አንድ ደንብ ለክፍሉ ሁሉ ያውጡ፤ ለእሱ ብቻ የወጣ እንዳይመስል። ከዚያም እሱ ሌሎቹን የሚያገለግልበት ሥራ ይስጡት፤ ለምሳሌ ለጠረጴዛው ልጆች ደብተር ማደል። ሁልጊዜ ተቀባይ የነበረ ልጅ ሌሎች እሱን ሲጠብቁ ማየቱ አቋሙን ሁሉ ይለውጠዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ራስን መቻል ማለት ሁሉን ብቻን መሥራት አይደለም፤ ማናችንም እንደዚያ አንኖርም። እርዳታ ሲያስፈልግ ለይቶ ማወቅና መጠየቅም የዚሁ አካል ነው፤ በዝምታ ፊት ከማየት ወደ መጠየቅ መሻገር ለእርስዎ ተማሪ ትልቅ ለውጥ ነው። «እርዱኝ» የሚለውን ቃል፣ ቃሉ ካስቸገረው ደግሞ የሚያነሣውን ካርድ ወይም የእጅ ምልክት ያስተምሩት። ሲጠይቅ ፈጥነው ይምጡ፤ በዚህ ጊዜ 10 ሰከንድ አይቆጠርም። ምርጫም እንዲሁ ነው፤ በየትኛው እርሳስ እንደሚጽፍ፣ ከሁለቱ ሥራዎች የቱን እንደሚያስቀድም ይወስን። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ3ኛ አንቀጹ ከመሠረታዊ መርሆዎቹ ቀዳሚ አድርጎ ያስቀመጠው የሰውን ክብርና የራስን ምርጫ የመምረጥ ነፃነት ነው። ይህ ነፃነት አዋቂ ሲሆን በድንገት አይመጣለትም፤ በ7 ዓመቱ በእርሳስ ምርጫ ይለመዳል። አንዳንዴ «አይ፣ አልፈልግም» ቢልዎት፣ ለሥርዓቱ የማይመች ቢሆንም፣ የገዛ ፈቃዱን መግለጽ መጀመሩ ነውና በመልካም ይዩት።

መጨከን እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ ላሉት፣ ፍርሃትዎ ለልጁ ካለዎት ፍቅር የመጣ ነውና አይጣሉት፤ ልኩን ይፈልጉለት። ሕፃን መቆም ሲጀምር «ወፌ ቆመች» እያልን እጃችንን ዘርግተን ሳንነካው አጠገቡ እንሆናለን፤ ቢንገዳገድ እንደርስለታለን፣ ስለተንገዳገደ ብቻ ግን አንይዘውም። የእርስዎም ቦታ እዚያ ነው። ልጁ ዚፑን እየሳበ ቅንድቡን ቢያኮማትር፣ ምላሱን ቢያወጣ፣ ቢያንሾካሹክ፣ ተሳስቶ ደግሞ ቢሞክር ይህ ጥረት ነው፤ አይግቡበት። እጁን ሰብስቦ ዓይኑን ከሥራው ካሸሸ፣ ካለቀሰ፣ ዕቃውን ከወረወረ ወይም ጠረጴዛው ላይ ከተደፋ ግን ሥራው ከአቅሙ በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ ወዲያው ቀለል ያድርጉለትና የቻለውን እርምጃ አስጨርሰው ያሳርፉት። ሕፃን ያለ እርዳታ ቀርቶ ሲሸነፍ መተው ጭካኔ ነው፤ ሊሞክር ሲል ቀድሞ መሥራት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ሰፊ ነው፤ ልጁን በተመለከቱት ቁጥርም እየተገለጠልዎት ይሄዳል።

ለውጡ በዓይን ስለማይያዝ መመዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ወረቀት ላይ ስድስቱን እርምጃዎች ወደ ታች፣ ቀኖቹን ወደ ጎን ይጻፉ፤ በየሳጥኑ ውስጥ «ብቻውን»፣ «በጥቆማ»፣ «በማሳየት» ወይም «በእጅ» የሚል ምልክት ረዳቷ ታድርግ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። አንድ እርምጃ ለበርካታ ቀናት «ብቻውን» ሲሆን ቀጣዩ ይጨመራል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ፈቀቅ ካላለ ደግሞ ችግሩ ያለው በልጁ ሳይሆን በእርምጃው ነውና ይበልጥ ይከፋፍሉት። ከሕመም ወይም ከረጅም ዕረፍት በኋላ ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም፤ ወረቀቱ በእጅዎ ካለ የቆመበትን ስለሚያውቁ ከዜሮ አይጀምሩም። ልጁ የራሱ የትምህርት ዕቅድ ካለው፣ «በራስ የመተማመን ችሎታው ይጎለብታል» የሚለው ዓይነት ግብ ወጥቶ «ጠዋት ቦርሳውን ፎቶግራፎቹን እያየ ያለ ሰው እርዳታ ያስቀምጣል» የሚል ይግባበት፤ የመጀመሪያውን ማንም ሊለካው አይችልም።

እናቱ «እንዳትተዉብኝ» ሲሉ ምን እንደሚፈሩ ይጠይቋቸው። ምናልባት ልጃቸው ከዚህ በፊት በሆነ ቦታ ጥግ ላይ ተቀምጦ ተረስቶ ያውቅ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ወላጅ «እርዳታ እንቀንሳለን» የሚል ቃል ሲሰማ ያው ጥግ ይታየዋል። ስለዚህ ስለ መቀነስ አያውሩ። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያስገቧቸውና መዝገቡን ይዘው ልጃቸው ፎቶግራፎቹን ተከትሎ ቦርሳውን ሲሰቅል በዓይናቸው ይዩት፤ በፊት በማን እጅ ይሠራ እንደነበረ፣ አሁን የትኛው በእሱ እጅ እንደሆነ ያሳዩዋቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ይለምኗቸው። አንደኛው፣ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ ቦርሳውን ራሱ እንዲያነግት መተው ነው፤ የሚከብድ ከሆነ የማያስፈልገውን ዕቃ ያውጡለት። ሁለተኛው፣ ማታ ለነገ ቦርሳውን ሲያዘጋጅ እዚያው እንደ ክፍሉ 10 ሰከንድ መጠበቅና ተመሳሳይ ፎቶግራፎችን መጠቀም ነው። ጠዋት ሰዓት ስለሚያጣብባቸው ልምምዱን ለማታ እንዲያደርጉት ይንገሯቸው፤ በጥድፊያ መሃል መጠበቅ ለማንም ወላጅ ከባድ ነው።